«ያልተነካች» መኪና

አሮጌ መኪና ሲሸጥ የራሱ ቋንቋ አለው። «ያልተነካች ናት» ይባላል። «ሞተሯ አልተከፈተም»፤ «ቀለሟ የፋብሪካው ነው»፤ «ሴት ናት የያዘቻት»፤ «ዶክተር ነው ሲነዳት የኖረው»። ሻጩ ወሎዬ ከሆነ መሐላም ይታከልበታል፤ አንዱ «ወላሂ» ሲል ሌላው ግሸን ማርያምን ይጠራል። ደላላው በበኩሉ ጎማዋን በጫማው ጫፍ መታ መታ ያደርጋል። ጎማ በእግር መምታት ስለ ሞተር ጤንነት ምን እንደሚናገር ያስረዳ ሰው እስካሁን አልተገኘም፤ ጎማው ሳይመታ የተገዛ መኪናም እንዲሁ አልተገኘም።

ከዚያ ውል ይፈረማል፣ ጥብስ ይታዘዛል፣ «ገደኛ ያድርግልህ» ይባላል።

ጥቂት ሳምንታት ያልፋሉ። አንድ ቀን ጠዋት መኪናዋ ያልተለመደ ድምፅ ታሰማለች፤ ወይም የግራ ፍሬቻ ሲበራ ሬዲዮው ይጠፋል፤ ወይም ፍሬን ሲያዝ መሪው ወደ አንድ ወገን ይሸሻል። አዲሱ ባለቤት ጋራዥ ይወስዳታል። መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ ያያል፤ ምንም አይልም። ካርቶን አንጥፎ በጀርባው ከሥሯ ይገባል። እግሮቹ ብቻ ውጭ ይቀራሉ። ረዘም ያለ ዝምታ ይሆናል፤ ከዚያ ከታች አንድ ጥያቄ ይመጣል፦

«ጋሼ፣ ይቺን ማነው የሠራት?»

በኢትዮጵያ ጋራዦች ውስጥ ከዚህ የበለጠ የሚያስደነግጥ ጥያቄ የለም። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ የቀድሞው ባለቤት። የቀድሞው ባለቤት ደግሞ ስልኩን አያነሣም። መካኒኩ ምላሱን እየመጠጠ ይወጣና «እኔ ብሆን እንዲህ አድርጌ አልለቃትም ነበር» ይላል። ከተማዋ ትንሽ ከሆነች አንዳንድ ጊዜ ከጥቂት ዓመታት በፊት እንደዚያ አድርጎ የለቀቃት እሱ ራሱ ይሆናል፤ መኪናዋ ቀለም ቀይራ፣ ታርጋ ቀይራ ስለመጣች አላወቃትም።

ነገሩ የትም አገር ያለ ነው። ደቡብ ወሎ፣ አጅባርና መካነ ሰላም ላይ ግን ይብሳል። ወደ ሳይንት፣ ወደ ቦረና፣ ወደ ለጋምቦ ደጋ መኪና በወጣትነቷ አትመጣም። ጃፓን ተወልዳ፣ ዱባይ ወይም አውሮፓ አድጋ፣ አዲስ አበባ ተድራ፣ ደሴ ተፋትታ ነው አቀስታን አልፋ መካነ ሰላም የምትገባው። እዚያ ስትደርስ ያለፈ ታሪኳን የሚያውቅላት ዘመድ የለም፤ ያላት ሊብሬ ብቻ ነው። ሊብሬ ደግሞ የሻንሲና የሞተር ቁጥሯን ይናገራል እንጂ ባሌስትራዋ በምን እንደታሰረ አይናገርም።

የሚያስፈልጋት ዕቃም አብሯት አይመጣም። መካነ ሰላም ላይ የታጣ ኩሽኔታ ደሴ ይፈለጋል፤ ደሴ ከታጣ መርካቶ፣ ሱማሌ ተራ ይደወላል። የሱማሌ ተራው ነጋዴ «አለ፣ ግን ያገለገለ ነው» ይላል። ዕቃው በማዳበሪያ ከረጢት ተጠቅልሎ በአውቶቡስ ረዳት እጅ ይላካል። ረዳቱ አቀስታ ላይ ይረሳዋል፤ በሚቀጥለው ጉዞ ያመጣዋል። ሲከፈት ዕቃው የግራው ሆኖ ይገኛል፤ የተፈለገው ግን የቀኙ ነበር። በዚህ መሐል መኪናዋ ቆማ ትጠብቅ? የጫነችው እህል ለገበያ ቀን መድረስ አለበት፤ ምጥ የያዛት ሴት ሆስፒታል መድረስ አለባት። ስለዚህ መካኒኩ ዙሪያውን ይቃኛል፤ ያለውን ያነሣል፤ ይሠራል።

አሮጌዋን መኪና ይህን ያህል ያቆያት ፍቅር ብቻ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ከውጭ በሚገቡ ያገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። የታሰበው አሮጌ መኪና እንዳይገባ ነበር፤ ቀድመው የገቡት ግን እንደ ወርቅ ተወደዱ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉን አስታወቀ። ሃያ ዓመት የሞላት ቪትዝ ከሚሊዮን ብር በላይ በምትጠራበት አገር መኪና የሚጥል ሰው የለም። ተጣለች ቢባል እንኳ ጎማዋ በረባሶ ይሆናል፤ ባሌስትራዋ አንጥረኛ እጅ ገብቶ ማረሻና ማጭድ ይወጣዋል።

ለነገሩ ያልተነካች መኪና ይህች አገር መጀመሪያውኑ አይታ አታውቅ ይሆናል። በ1900 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቤንትሌይ ለዳግማዊ ምኒልክ ያመጣት ሲድሌይ ከመርከብ ከወረደች በኋላ በረሃውንና ተራራውን አቋርጣ ነው አዲስ አበባ የገባችው፤ ለመኪና የሚሆን መንገድ ባልነበረበት ዘመን። በዚያ ጉዞ ላይ ምን ምን እንደታሰረባትና እንደተለጠፈባት የሚያውቁት አምጪዎቿ ብቻ ናቸው። ንጉሠ ነገሥቱ ያገለገለች መኪና የተረከቡ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ናቸው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም።

አሁን ወደ ጥገናው። መንገድ ላይ ከሚሠሩት ብልሃቶች ሁሉ የሚያስደንቀው የሳሙናው ነው። ኮረኮንች መንገድ ላይ ድንጋይ ተስፈንጥሮ ሰልባትዮ ይነድላል፤ ቤንዚኑ መንጠባጠብ ይጀምራል። ሾፌሩ ሱቅ ገብቶ ደረቅ የልብስ ሳሙና ይገዛና ቀዳዳው ላይ አጥብቆ ያሸዋል። ይደፈናል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ቤንዚን ብዙ ዓይነት ማጣበቂያ ያሟሟል፣ ሳሙናን ግን አያሟሟም። ሳሙና የሚሟሟው በውኃ ነው። እዚህ ላይ ነው የሁለተኛው ባለቤት ዕጣ የሚወሰነው። መኪናዋ በጥር ከተሸጠች ገዢው እስከ ግንቦት ድረስ ሰላም ይነዳል። ሐምሌ ሲገባ፣ ጎማው የሚረጨው የጭቃ ውኃ ከሥር ማጠብ ሲጀምር፣ ያለ ምክንያት ቤንዚን ቤንዚን መሽተት ትጀምራለች። ሰውየው ነዳጅ ማደያውን ይጠረጥራል፤ ቀጥሎ የሰፈር ልጆችን ይጠረጥራል። ከሥሯ ገብቶ ያየ መካኒክ ግን አረፋ ያያል።

እንቁላሉም ያው ነው። የሚያፈስ ራዲያተር ውስጥ ጥሬ እንቁላል ተሰብሮ ይጨመራል፤ ነጩ ክፍል በሞቀው ውኃ ውስጥ ይረጋና ውኃው የሚያመልጥበትን ቀዳዳ ሄዶ ይደፍናል። ደሴ ያደርሳል። ችግሩ እንቁላል የትኛው ቀዳዳ መደፈን እንዳለበትና የትኛው ክፍት መሆን እንዳለበት አይለይም። የራዲያተሩን ቀጫጭን ቱቦዎችም አብሮ ይደፍናል። ሞተሩ ለምን እንደሚግል ግራ የገባው ሦስተኛው ባለቤት ራዲያተሩን ሲያስፈታ ከውስጡ የተቀቀለ እንቁላል ይወጣል፤ ያውም የእሱ ባልሆነ ገንዘብ የተገዛ።

ባሌስትራ ሲሰበር እርጥብ ጠፍር ይጠመጠምበታል። ቆዳ ሲደርቅ ስለሚኮማተር የተሰበረውን ብረት ከጎረቤቱ ጋር ጭምቅ አድርጎ ይይዘዋል። ይህን ከመካኒክ ትምህርት ቤት የተማረው የለም፤ ሞፈርና ቀንበር ሲያስር ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ኤንትሬ በሚሏት ፊያት ከባድ መኪና ዘመን የነበሩ ሾፌሮች ደግሞ ብሮንዚና ሲበላባቸው ከቀበቷቸው ቆዳ ቆርጠው በቦታው እያስገቡ፣ ቀስ እያሉ ከተማ ይገቡ እንደነበር ያወራሉ። ሱሪያቸው በምን ታስሮ እንደገባ ግን አይናገሩም።

እነዚህ ሁሉ ነውር አይደሉም። ሊያስመሰግኑ ይገባል እንጂ። ጉጉፍቱ ደጋ ብርድ ላይ፣ በሌሊት፣ ከኋላ ተሳፋሪ እየተንጫጫ፣ በሳሙናና በጠፍር መኪና አስነሥቶ ቤቱ የሚገባ ሰው ከማንም ኢንጂነር አያንስም። ነውሩ የሚመጣው ከተማ ከተገባ በኋላ ነው፤ «ለጊዜው» የተባለው ነገር ዓመት ሲያከብር።

የፍሬኑን ጉዳይ ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። አንዱ ጎማ ላይ ያለው የፍሬን ሲሊንደር ማፍሰስ ሲጀምር፣ ዘይቱ በዚያ በኩል አልቆ መኪናዋ ጭራሽ ፍሬን አልባ እንዳትሆን፣ ወደዚያ ጎማ የሚሄደው ቀጭን የብረት ቱቦ በፒንሳ ተቆልምሞ ይጨፈለቃል። ከዚያ በኋላ በሦስት ጎማ ትይዛለች። መንገድ ላይ ለተቸገረ ሰው መጥፎ ሐሳብ አይደለም። በማግስቱ ሲሊንደሩ መቀየር አለበት፤ በማግስቱ ግን ገበያ ነው። ከገበያው በኋላ ሠርግ አለ። ከሠርጉ በኋላ ገንዘቡ የለም። የሾፌሩ እጅ ደግሞ ይለምዳል፤ ፍሬን ሲይዝ መሪውን ሳያውቀው በተቃራኒው ያዝ ያደርጋል፤ ጉድለቱን በጡንቻው ይዞታል። ትሸጣለች። አዲሱ ባለቤት ያ ጡንቻ የለውም። «ትንሽ ትጎትታለች» ሲል «አላይመንት ነው» ይባላል። በዚህ አገር አላይመንት ያልተሸከመው ኃጢአት የለም።

ኤሌክትሪኩም እንደዚሁ ነው። ፊውዝ የተሠራው እንዲቃጠል ነው። ውስጡ ያለችው ቀጭን ሽቦ ከመጠን በላይ ኃይል ሲመጣ ቀድማ ትቀልጥና ሌላውን ታድናለች። የተቃጠለው ፊውዝ ቦታ የሲጋራ ፓኬት ብርማ ወረቀት ተጠቅልሎ ሲገባ መብራቱ ይመለሳል፤ ሾፌሩ ይደሰታል። ያ ወረቀት ግን ባለ ዐሥር አምፒር ፊውዝ እምቢ የሚለውን ኃይል ሁሉ ያሳልፋል። ቀጥሎ የሚቀልጠው ዳሽቦርዱ ጀርባ ያለው የሽቦ ጥቅል ነው። ጥቅሉ ሲፈታ ደግሞ ሌላ ዓለም ይወጣል፤ ቀይ ሽቦ ከሰማያዊ ተቀጥሎ፣ ሰማያዊው የቤት መብራት ሽቦ ሆኖ፣ መገጣጠሚያው ናስትሮ በመጥፋቱ በቁስል ፕላስተር ታሽጎ። ክላክሱ የሚጮኸው በበር ደወል መጫኛ የሆነ መኪና አለ። ማራገቢያዋ በግድግዳ ማብሪያ ማጥፊያ የምትነሣ መኪናም አለች። የግድግዳው ማብሪያ ቢያንስ አይዋሽም፤ ፊት ለፊት ተቀምጦ «እኔ እዚህ አልነበርኩም» ይላል።

ከሁሉም ተረት የበዛበት ቴርሞስታት ነው። ሥራው ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ውኃውን ከራዲያተሩ አግዶ መያዝ፣ ከሞቀ በኋላ መክፈት ነው። አርጅቶ ተዘግቶ ሲቀር ሞተሩ ይፈላል። አዲስ ከመግዛት አውጥቶ መጣል ይቀላል፤ ስለዚህ ይጣላል። ባለመኪናው ሲጠይቅ መካኒኩ «አገራችን ሞቃት ናት፣ አያስፈልግም» ይለዋል። ይህን የሚለው ጋቢ ተከናንቦ፣ እጁን በትንፋሹ እያሞቀ ነው። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር በደጋ ብርድ ላይ በቅጡ ሳይሞቅ ውሎ ይገባል፤ ነዳጅ ይበላል፤ ቶሎ ያረጃል። «ይህች መኪና ነዳጅ ትወዳለች» ተብሎ ስሟ ይጠፋል፤ የጠፋው ግን ስሟ ብቻ ሳይሆን ዕቃዋ ነው።

የራዲያተር ክዳንም አለ። መካነ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚያ ከፍታ ላይ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ91 ዲግሪ አካባቢ ነው። ክዳኑ እንደ ፋብሪካው ሲሆን ውኃውን በግፊት አፍኖ ይይዝና የሚፈላበትን ሙቀት ከ100 በላይ ይወስደዋል። ክዳኑ ጠፍቶ በጨርቅና በካላማዳሪ ቁራጭ ሲተካ ግፊቱ የለም። ሞተሩ ጤነኛ ሆኖ፣ መሥራት በሚገባው ሙቀት እየሠራ፣ ውኃው ይፈላል። ባለቤቱ «ቴስታታው ሄዷል» ተብሎ ሞተር ያስወርዳል። ብዙ ሺህ ብር ከፈሰሰ በኋላ ጨርቁ ተመልሶ በቦታው ይወተፋል፤ ጨርቁን የጠረጠረው ሰው የለማ።

ሜዳ ላይ ይህ ሁሉ ላይታወቅ ይችላል። ዓመታዊ ምርመራ አለ፤ ያለፈች መኪና ቦሎዋን መስተዋቷ ላይ ለጥፋ ትወጣለች። ለምርመራው ቀን ጎማ ተውሰው፣ እሳት ማጥፊያ ተውሰው የሚሄዱ አሉ ይባላል። የዚህን አካባቢ መኪና በእውነት የሚመረምሩት ግን ዓባይና በሽሎ ናቸው። ከመካነ ሰላም ወደ ጎጃም፣ ወደ ጉንደወይን የሚወስደው መንገድ ከደጋው ተነሥቶ ዓባይ ሸለቆ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ እንደገና ወደ ደጋ ይወጣል። ቁልቁለቱ ላይ በፒንሳ የታጠፈው ቱቦ ይጠየቃል፤ ሦስቱ ፍሬኖች የአራቱን ሥራ ሲሠሩ ይግላሉ፣ ሽታቸው ተሳፋሪው ጋ ይደርሳል፣ ከዚያ እግር ቢረግጣቸውም አይሰሙም። ታች ቆላው ላይ ጋቢ የሚያስጥል ሙቀት ይቀበላታል። ዳገቱ ላይ ደግሞ ተራው የእንቁላሉና የጨርቁ ነው።

እነዚህ ገደሎች ጎማ መፈተን የጀመሩት ዛሬ አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያስቀለጡትን፣ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲወስዱ የበሽሎን ሸለቆ መሻገር ነበረባቸው፤ መንገዱን እያስጠረጉ፣ ጋሪውን በሰው ጉልበት እያስጎተቱ ወራት ፈጅቶባቸዋል። ያ ጋሪ የቀድሞ ባለቤት አልነበረውም። ሾፌሮቻችን ቢያንስ በዚህ ይቀኑበታል።

እስካሁን የተባለው የችግር ጥገና ነው፤ ሊገሠጽ እንጂ ሊረገም አይገባም። ሌላ ዓይነት ግን አለ፤ ለመንዳት ሳይሆን ለመሸጥ የሚሠራ። የእሱ ዋና መሣሪያ ስቱኮ ነው።

ስቱኮ በስሱ ሲቀባ ጥሩ ነገር ነው። ባቲላሜራው ብረቱን ቀጥቅጦ ካስተካከለ በኋላ የቀረችውን ትንሽ ጉድጓድ ይሞላል፤ በሸካራ ወረቀት ይፈገፈጋል፤ ቀለም ይቀባል። ለሽያጭ ሲሆን ግን ቀጥቃጩ ይዘለላል። ዝገት የበላው በር ላይ ጋዜጣ ይጎሰጎሳል፤ ከላዩ ስቱኮ በጣት ውፍረት ይለሰናል፤ ከዚያ ቀለም። እጅ ቢያስኬዱበት ይለሰልሳል። በዓመቱ ቀለሙ እንደ ብጉር ማበጥ ይጀምራል፤ በሩ በኃይል ሲዘጋ አንድ ክፍል ተገንጥሎ ይወድቃል። ጋዜጣው ካልበሰበሰ ቀኑን አንብቦ መኪናዋ መቼ እንደተሸፈነች ማወቅ ይቻላል። ሻጩ «አምና ነው ከዱባይ የገባችው» ካለ፣ የወጣው ግን የአዲስ ዘመን ጋዜጣ ገጽ ከሆነ፣ ከዚያ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።

ብልጥ ገዢ ለዚህ ማግኔት ይዞ ይሄዳል። ማግኔት ብረት ላይ ይለጠፋል፤ ስቱኮ ላይ አይለጠፍም። ዘዴው ጥሩ ነው፤ መኪናዋ ላንድሮቨር እስካልሆነች ድረስ። የወሎ ደጋ ከድሮ ጀምሮ የሚያውቃት ላንድሮቨር እንግሊዝ አገር በ1948 እ.ኤ.አ. መሠራት ስትጀምር ከጦርነቱ በኋላ ብረት በራሽን ስለነበር የውጭ አካሏ የተሠራው ከአሉሚኒየም ቅይጥ ነው። አሉሚኒየም ማግኔት አይዝም። ማግኔት ያነገበው ገዢ በሩ ላይ ያስቀምጣል፤ ይወድቃል። ኮፈኑ ላይ ያስቀምጣል፤ ይወድቃል። ዙሪያዋን ይዞራል፤ ማግኔቱን ከመሬት ያነሣል። «ይቺማ ከአፍ እስከ ገደፏ ስቱኮ ናት» ብሎ ይሄዳል። አንድም ጊዜ ስቱኮ ያልነካት ቀጥተኛ መኪና ጥሎ፣ መንገዱን ተሻግሮ ግማሽ በሯ ጋዜጣ የሆነውን ፒካፕ ይገዛል፤ ግማሹ ላይ ማግኔቱ ይዞለታላ።

ድምፅም ይሸፈናል። ጥርሱ የተበላ ካምቢዮ ሲያላዝን በዘይቱ ውስጥ ሰጋቱራ ይጨመርበታል፤ ጥርሶቹ መሐል እየገባ ድምፁን ያፍነዋል። ለጥቂት ቀን ነው፤ ለሻጭ ግን ከአንድ ቀን በላይ አያስፈልገውም። ይህ የእኛ ፈጠራ አይደለም። ብሪታኒያዊው ደራሲ ሮአልድ ዳል በ1988 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «ማቲልዳ» በተባለው የልጆች መጽሐፍ ውስጥ አባትየው የአሮጌ መኪና ነጋዴ ነው፤ ሰጋቱራም ይጨምራል፣ ኪሎ ሜትር ቆጣሪውንም በኤሌክትሪክ መሰርሰሪያ ወደ ኋላ ያዞራል። እኛ አገር ለዚህ እንኳ መድከም ያላስፈለገበት ጊዜ ነበር። የድሮ ቮልስ ቆጣሪ አምስት አሃዝ ብቻ ስለነበረው 99,999 ላይ ሲደርስ ራሱ ወደ ዜሮ ይመለሳል። ባለቮልሱ ጣቱን ቆጣሪው ላይ አድርጎ «ይኸው ራስህ እይ» ማለት ብቻ ይበቃው ነበር።

አንዳንዱ ምሥጢር ዝናብ ሲዘንብ ይወጣል። ኢትዮጵያ ከግራ ወደ ቀኝ የመንገዱ ክፍል የተሻገረችው ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ነው። ጃፓኖች ግን እስከ ዛሬ በግራ ስለሚነዱ መሪያቸው በቀኝ ነው። እንዲህ ያለች መኪና መሪዋ ወደ ግራ ተዛውሮ ስትሸጥ ዳሽቦርዱ ተቆርጦ ይቀጠላል፤ ሥራው ጥሩ ከሆነ አያስታውቅም። የዝናብ መጥረጊያውን ግን የሚያስታውሰው የለም። መጥረጊያው ለድሮው ሾፌር ታስቦ የተሠራ ስለሆነ በተሳፋሪው በኩል መስተዋቱን እስከ ጥግ ድረስ ጥርት አድርጎ ይጠርጋል፤ በሾፌሩ በኩል ግን ጥጉን ሳይነካ ይመለሳል። በሰኔ ዝናብ ጋቢና የተቀመጠው እንግዳ መንገዱን እያየ «በቀኝ በኩል ሰው አለ፣ ተጠንቀቅ» ይላል፤ የሚነዳው ሰው አንገቱን አስግጎ በቀረችለት ሽንቁር ያጮልቃል።

ሕግስ? ሕግ አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2287 ሻጭ የሸጠው ዕቃ ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ኃላፊ እንደሆነ ይደነግጋል፤ ገዢውም ዕቃውን ሳይዘገይ እንዲመረምር ይጠብቅበታል። ውሉን የሚጽፉት ሰዎች ግን «መኪናዋን አይቼ፣ መርምሬ፣ ባለችበት ሁኔታ ገዝቻለሁ» የምትል መስመር አይረሱም። ገዢው ጥብሱ እየቀዘቀዘበት ስለሆነ ሳያነብ ይፈርማል። ቢከስስም ክርክሩ ቀላል አይሆንም። ሻጩም የቀድሞ ባለቤት ነበረው፤ እሱም ጋዜጣውን ከበሩ ጋር ነው የገዛው። የመጀመሪያውን ጎስጓሽ ለማግኘት ሊብሬዋን ተከትሎ እስከ መርካቶ፣ ከዚያም እስከ ዱባይ መሄድ ሊያስፈልግ ነው።

እውነተኛው ልዩነት በጠፍርና በስቱኮ መካከል ነው። ጠፍሩ ይታያል። ባሌስትራው ላይ ተጠምጥሞ ያየ ሁሉ እዚያ ጋ ስብራት እንዳለ ያውቃል፤ ጭነቱን ይቀንሳል፤ ቁልቁለት ላይ ይጠነቀቃል። ስቱኮው የተሠራው እንዳይታይ ነው። የታጠፈው የፍሬን ቱቦ እንኳ ሻጩ «ይኼኛው ጎማ ተዘግቷል፣ ሲሊንደር ግዛለት» ብሎ ካሳየው ዕዳ ነው፤ ደብቆ «አላይመንት ነው» ካለ ግን ወንጀል ነው፤ ዓባይ ቁልቁለት ላይ ሰው የሚገድል።

አውሮፕላን የሚሸጥ ሰው እንዲህ ማድረግ አይችልም። አውሮፕላን ሲሠራ የተነካው ሁሉ፣ ማን እንደነካው፣ መቼ እንደነካው፣ ይመዘገባል፤ መዝገቡ ከባለቤት ወደ ባለቤት አብሮ ይተላለፋል። መዝገቡ የጠፋበት አውሮፕላን ምንም ቢያብረቀርቅ ዋጋው ይወድቃል። ለቶዮታ ይህን ያህል ቢሮ መክፈት አይጠበቅም፤ አንድ ደብተር ይበቃታል። ዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ፣ ከሦስተኛ ወገን ኢንሹራንሱ ወረቀት ጎን፣ «በግንቦት ቴርሞስታቱ ወጥቷል፣ የኋላ ቀኝ ፍሬን ተዘግቷል፣ ሰልባትዮው ሳሙና አለበት» ተብሎ የተጻፈ አንድ ገጽ።

መኪና የምትሸጡ ወንድሞችና እኅቶች፣ እባካችሁ ያቺን ገጽ ጻፉ፤ ዋጋ ብትቀንስባችሁም ቀብድ ከተቀበላችሁ በኋላ እንኳ ስጡ። የምትገዙ ደግሞ ገና ማለዳ፣ ሞተሯ ሳይነሣ ድረሱባት፤ አስቀድሞ ያሞቃት ሰው ካለ ጠርጥሩ። ማግኔት ያዙ፤ ላንድሮቨር ከሆነች ማግኔቱን ኪሳችሁ ውስጥ ተዉት። የራዲያተሩን ክዳን እዩ፤ ጨርቅ ከሆነ ገበያ ወርዳችሁ አዲስ ግዙ። አራቱንም የፍሬን ቱቦዎች በጣታችሁ ዳስሱ። መካኒክ አስገቡባት፤ ከሥሯ ሆኖ ዝም ካለ ዋጋ መቀነስ ጀምሩ። ይህን ሁሉ አድርጋችሁም የመጀመሪያውን ጉዞ ወደ ጉንደወይን አታድርጉት።